የክፍሌ እንግዶች

ጉሮሮዬን ሲያመኝ ልጉመጠመጥበት ብዬ በጨው የበጠበጥኩትን ውሃ መስኮቱ ላይ ረስቼው ሰነበተና፣ ባለፈው ሳምንት ልደፋው ብርጭቆውን ሳነሳ ሽታው ከች አለብኝ፤ ጨው ጨው የሚል፣ ትንሽም ረግረግ ረግረግ የሚል፣ ፀሐይ ሲያሞቀው የከረመ ውሃ ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይደፋው ነበር። እኔ ግን ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያ ተቀመጥኩ፣ ተመልሼ ተነሳሁ፣ ግቢ ወጥቼ ያለ ምንም ጉዳይ አጥሩን ዞሬ ገባሁ። ሌላውን ሰው ትዝታ ሲመጣበት ጋደም ያሰኘዋል አሉ፤ እኔን ያንቆራጥጠኛል።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው፤ የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። ቤታችን ከአዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ዳር ነበር፤ የፊተኛው ክፍል የአባቴ ልብስ መስፊያ፣ የኋላው መኖሪያችን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እናቴ ከእኔ አብልጣ የምትንከባከበው የእንሰት ጓሮ። አባቴ ዝምተኛ ነበር። ከንፈሩ መሃል ሁልጊዜ መርፌ ስለሚይዝ ይሁን ተፈጥሮው ሆኖ አላውቅም፣ ሙሉ ቀን ሲሰፋ ውሎ ከደንበኛ ጋር ካልሆነ በቀር ሁለት ቃል አይናገርም ነበር። እናቴ ደግሞ የሰው ረሃብ ከበር የሚታያት ሴት ነበረች፤ ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ ከወጣ ሳምንቱን ሙሉ ስታነሳው ትከርማለች። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ስሜ ታደለች ቢሆንም ስሽከረከር ስለምውል ሰፈሩ «እንዝርት» ይለኝ ነበር። ቁጭ በይ ስባል እቀመጣለሁ፣ መቀመጤ ግን እስኪያዩኝ ነው።

ከእኔ በፊት ወንድሜ ክፍሌ ነበር። በመሃላችን የተወለዱት ሁለቱ አላደጉም፤ ስለዚህ በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ እሱ ብቻ ነበር፣ ጋሼም እለው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር መጽሔትና የጽሕፈት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እንደ ማንኛውም የጉራጌ ልጅ ዓመቱን የትም ይክረም የት፣ ለመስቀል ቤቱ ይገባል። እናቴ ከሐምሌ ጀምራ ቅቤዋን እያጠራቀመች፣ ግድግዳውን እየለቀለቀች፣ በየቀኑ ስሙን አሥር ጊዜ እያነሳች ትጠብቀው ነበር።

የዚያ ዓመት መስቀል ግን ተበላሸ። አባቴ ክፍሌን ሳያማክር በቆሼ በኩል ካሉ የተከበሩ ሰዎች ልጃቸውን ሊያጭለት ቃል ሰጥቶ ኖሮ፣ ክትፎው ቀርቦ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን በተቀመጡበት ነገሩን ሲያነሳው፣ ክፍሌ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው መጠን «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እሷን አላገባም» አለ። እጆች ሁሉ በየነበሩበት ቆሙ። አባቴ አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ ፊቱ ብቻ ጠቆረ። ቃሉን በሰው ፊት ነበር ያፈረሰበት፣ ያውም የገዛ ልጁ፣ ያውም በመስቀል።

በእኛ ዘንድ ያለ ምርቃት መስቀል ዋልኩ ማለት አይቻልም። ከማዕዱ በኋላ ልጆች በዕድሜያቸው ተራ ይንበረከካሉ፣ አባት እጁን በየራሳቸው እየጫነ ይመርቃል፣ በሰው አገር ዓመቱን ሙሉ የሚያቆማቸውም ያ ምርቃት ነው ተብሎ ይታመናል። ክፍሌ ተንበረከከ፣ እኔም ከጎኑ ተንበረከክሁ። የአባቴ እጅ መጣ፤ ከክፍሌ ራስ በላይ አለፈና እኔ ራስ ላይ አረፈ። «እደጊ፣ ተባረኪ» ሲለኝ የወንድሜን ምርቃት የሰረቅኩት መሰለኝ፤ ልመልስለት ፈልጌ ነበር፣ ምርቃት ግን በምን ይመለሳል? እናቴ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ሊሰነብት አስቦ የመጣው ክፍሌ በማግስቱ ጠዋት ጓዙን ይዞ ወጣ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ እየሮጥኩ ተከተልኩት፤ ሊሳፈር ሲል ከኮቱ ኪስ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን አውጥቶ ሰጠኝ። ሱቃቸው የሚመላለስ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሎለት የሄደው ነው። ላዩ ላይ በሮዝ ቀለም የተሣሉ፣ ጅራት ያላቸው፣ ሰው ሰው የሚመስሉ ፍጥረቶች አባት እናት ልጅ ሆነው ቆመው ይሥቃሉ፤ ራሳቸው ላይ ዘውድ አለ። ውስጡ ሦስት ትንንሽ የወረቀት ከረጢትና አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረበት።

«አብረን ልናያቸው ነበር ያመጣሁት፣ አልሆነም» አለኝ። «ደረቅ እንቁላል ናቸው። ውሃ ውስጥ ስትጨምሪያቸው ነፍስ ይዘራሉ። ሲያድጉ ጻፊልኝ፣ መጥቼ አያቸዋለሁ።»

እሱ እኔን ለማባበል እንደ ዋዛ ብሎት ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን እንደ መሐላ ያዝኩት። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ እነዚህ ነገሮች ከተፈለፈሉና ካደጉ ክፍሌ ይመጣል፣ ክፍሌ ከመጣ አባቴ ይመርቀዋል፤ ካልተፈለፈሉ ግን ክፍሌ ቀረ፣ እኔም የሰረቅኩትን ምርቃት ይዤ ቀረሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልረገጠም ማለት ይቻላል።

ጥቅምት ሲገባ ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ መምህር ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። መምህር ተሾመ ከጎጃም የመጣ የትምህርት ቤታችን አስተማሪ ነው፤ ላጤ ስለነበረ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይቶ በዳቦና በማርማላታ ይኖር ነበር፣ እናቴም በየቀኑ ታዝንለትና ቆጮ ትልክለት ነበር። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቦ ነገረኝ፦ የተፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፤ አንደኛውን ከረጢት ጨምሮ ቀንና ሌሊት መጠበቅ፤ ከዚያ ሁለተኛው፣ እንቁላሉ ያለበት፤ ሦስተኛው ምግባቸው ነው፣ እሱም በክብሪት እንጨት ጫፍ የምትያዝ ታህል ብቻ፣ በአምስት ቀን አንዴ። ከዚያ ያለቀ የማርማላታ ብርጭቆውን አጥቦ ሰጠኝና ጣቱን ቀስሮ «ደግሞ እንዳትቸኩዪ» አለኝ። ለእኔ መሆኑ ነው።

እናቴ ውሃ ስታፈላልኝ ሥዕሉን እያገላበጠች ስታይ ቆየችና ዘውዱ አሳሰባት። ዘውድ የጫነ ነገር ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥ ያሳስር እንደሆን ሄጄ መምህሩን እንድጠይቅ ላከችኝ። መምህሩ ሥቆ ሥቆ፣ ጃንሆይን ምንም እንደማይነካቸው፣ እሳቸውም ቢሰሙ እንደማይከፋቸው መልሶ ላከባት። አባቴ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል ይህንን ሁሉ ሰምቷል። የክፍሌን ስም ግን ከመስቀል ወዲህ አንድም ቀን አላነሳውም ነበር፤ እናቴ ስታነሳው ተነስቶ ይወጣ ነበር።

አንደኛውን ከረጢት ጨምሬ ያንን አንድ ቀን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ አስፈቅጄ ወጥቼ፣ ቤት ሮጬ፣ ብርጭቆው እንዳለ መሆኑን አይቼ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው አልፈቀዱልኝም። በማግስቱ ሁለተኛውን ጨምሬ አፍንጫዬን ብርጭቆው ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ወጣሁ፣ ገባሁ። ምንም የለም። ክፍሌን አታለውት ነው ብዬ፣ ፈረንጁን በልቤ ስረግም ቆይቼ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ዞራ ብርጭቆውን ስትመታው አቧራ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። አቧራ ይወርዳል፣ ቢበዛ ይንሳፈፋል። ይሄኛው ግን ወደ ላይ እየፈናጠረ ይወጣ ነበር።

«እማዬ! ተፈለፈሉ!» ብዬ ቤቱን አቀለጥኩት። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ሮጣ መጥታ «የቱ ጋ?» አለች። አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አጎንብሳ አየችና ዘውዱስ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እሱኑ ነበር የፈለግኩት። ዘውድ የለም፣ ፊት የለም፣ ፈገግታ የለም፤ ቁንጫ ከእነሱ አጠገብ በሬ ነው። ቅስሜ ስብር አለ። እናቴ ግን ወዲያው ልቧ ራርቶ ነበር። «አይ፣ ገና ሕፃናት አይደሉ» አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ስማቸውን የክፍሌ እንግዶች አለቻቸው።

በኅዳር ብርዱ ሲጠና ማደግ ጀመሩ። የእህል ፍሬ አክለው፣ ውስጣቸው ወለል ብሎ እየታየ፣ ዙሪያ ገባቸው እንደ ላባ በሆኑ ብዙ እግሮች እየቀዘፉ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ይዋኙ ነበር። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ስታዞረው ሁሉም ተሰብስበው ብርሃኑ ወዳለበት ይመጣሉ። ቆጥሬ አልጨርሳቸውም፤ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ አርባ ይሆኑብኛል፣ ምክንያቱም አንድ ቦታ አይረጉም። በዚህ በዚህስ ዘመዶቼ ነበሩ። ውሃው እንዳይታፈን በየቀኑ በማንኪያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አንቆረቁርላቸው ነበር፤ መምህሩ ነው እንዲያ ያለኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርጭቆው ከመኝታ ቤታችን መስኮት ላይ የለም። ደንግጬ ስሮጥ የአባቴ መኪና አጠገብ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምታርፍበት በኩል፣ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል። አባቴ ያኛው መስኮት ይበርዳል አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ውሃው እንዴት አደረ?» ይለኝ ጀመር። ፍጥረቶቹ አይልም፣ እንግዶቹ አይልም፣ ውሃው ነው የሚለው። ደህና ነው እለዋለሁ፤ እሱም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መርፌውን ይጎርሳል። ልጅ ብሆንም የሚጠይቀኝ ስለ ውሃ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ደስ ይለኝና ደግሞ ልቤ ይሰቀላል፤ እንግዲህ እነዚህ ቢሞቱብኝ አባቴ በምን ይጠይቃል እላለሁ።

ለክፍሌ ደብዳቤ እጽፍ ነበር፤ እጽፍ ነበር ስል በሁለት ሳምንት አራት ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ላይ ጣት ያክላሉ ብዬ ዋሸሁ፤ በሁለተኛው ትንሽ ቀነስኩት። የአውቶቡሱ ሹፌር ደብዳቤዎቹን እየወሰደ፣ በተመለሰ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ ዓይን ዓይኑን ሳየው፣ ኋላ ላይ ገና ከሩቅ ሲያየኝ እጁን እያወዛወዘ የለም ይለኝ ጀመር። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግን አንድ ፖስታ ይዞልኝ መጣ። ቤት ድረስ መታገሥ አልቻልኩም፣ መንገድ ላይ ቀድጄ አነበብኩትና፣ ቤት ስደርስ ደግሞ አባቴ በሚሰማበት ክፍል ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደ አዲስ አነበብኩት። ክፍሌ ለጥምቀት ፈቃድ አግኝቷል፤ በከተራ ይመጣል፤ እንግዶቹን ሊያይ ጓጉቷል። የአባቴ መኪና ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እግሩ መርገጫውን ነካና መኪናው ቀጠለ። እናቴ እልል አለች።

ወቅቱ የገና ጾም ነበር። እናቴ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ የእንግዶቹም ነገር አሳስቧት ሦስተኛው ከረጢት ውስጥ ያለው ዱቄት ከምን እንደተሠራ መምህሩን አስጠየቀችኝ። መምህሩ የውሃ ውስጥ ሣር የመሰለ ነገር ነው አለ። እንግዲያው ጾመኞች ናቸው ብላ አረፈች። ነገር ግን ባየቻቸው ቁጥር ሆዷ ይባባ ነበር፤ በአምስት ቀን አንዴ የክብሪት ጫፍ የምታህል ትቢያ ምግብ ናት ብላ መቀበል አልሆነላትም። ቅጥነታቸውን አታዪም እንዴ ትለኛለች፤ አንጀታቸው እኮ በውጭ ይታያል፤ ልጄ አምኖ የላካቸው እንግዶች ቤቴ ተርበው ከረሙ ቢባል ምን ይሉኛል። ተፈጥሯቸው ነው እላታለሁ። በጄ አትለኝም፣ ዝም ነው የምትለኝ፣ እኔም ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

የገና ዕለት አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ሰፈሩን ሳዳርስ አርፍጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩ ላይ የቅቤና የኮሰረት ሽታ ተቀበለኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ የሚያሰኝ ሽታ። እንደ ልማዴ ሮጬ ወደ ብርጭቆው ሄድኩ። ውሃው ደፍርሷል። ላዩ ላይ ቢጫ ቅቤ ዳር እስከ ዳር ረግቶበታል፣ የቆጮ ፍርፋሪ ከታች ተኝቷል፣ ከፍርፋሪው ጋር ደግሞ ነጫጭ ነገሮች ተኝተዋል። የሚዋኝ የለም። እናቴ ከጓዳ እየሣቀች፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ወጣች።

«እነሱም ጾማቸውን ፈቱ» አለችኝ።

ጮኽኩ። የጮኽኩት ምን ብዬ እንደሆነ እስከ ዛሬ ድረስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ብረሳው ደግሞ በወደድኩ። «ገደልሻቸው! ጋሼ ከእንግዲህ አይመጣም፤ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ!» አልኳት። እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ብርጭቆውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሣቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ጠፋና ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከሰዓታት በፊት የነጠረውን ቅቤ ለክፍሌ ብላ ከደበቀችው ገንቦ ነበር የቀነሰችላቸው። ይህንን በኋላ ነው ያወቅኩት። በዚያች ሰዓት ግን አላዘንኩላትም፤ ተንገበገብኩ፣ እግሬን መሬት ላይ ደበደብኩ።

አባቴ ገባ። ሳይናገር ብርጭቆውን አነሳ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ለጥምቀት የሚደርስ የሰው ልብስ እስከ ጣሪያ ተከምሮበታል፤ በዓልም ቢሆን ጠርዝ ሊቀመቅም አስቦ ነበር። ክምሩን በክንዱ ገፋ አድርጎ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ከዚያ ጥጥ እየቦጨቀ የውሃው ገጽ ላይ ጣል እያደረገ፣ ጥጡ ቅቤውን ሲመጥ በወረንጦ እያነሳ፣ ሌላ እየጣለ፣ ቅቤውን ጠርጎ አወጣው። እኔ የፈላ ውሃ አቀዘቅዝ ተባልኩ፤ ሁለት ሣህን እያገላበጥኩ አቀዘቀዝኩ። የአንደኛው ከረጢት ዱቄት አልቆ ስለነበር አባቴ ጣቱን የቆሸሸው ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀመሰ፣ ንጹሑ ውሃ ላይ ጨው በቁንጥር ጨመረ፣ ቀመሰ፣ ጨመረ፣ ያኛውን ደገመ፣ ሁለቱ ምላሱ ላይ እኩል እስኪሆኑለት ድረስ። አንድ ስስ ሻሽ ቀደደና ውሃውን በእሱ ላይ ቀስ እያለ አሳለፈው።

ሻሹ ላይ የቀሩትን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እያየ፣ የሞተውን ወዲያ፣ የሚንቀሳቀሰውን ወዲህ አደረገ። እኔ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተሽከረከርኩ አሉ ወይ እያልኩ ጠየቅኩት፤ ቁሚ አለኝ፣ ቆምኩ። ሦስት ብቻ ተገኙ። ሦስቱን አዲሱ ውሃ ውስጥ ጨምሮ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሻሸ።

«ክፍሌ ሲመጣ ባዶ ብርጭቆ ልናሳየው ነበር» አለ።

ከመስቀል ወዲህ ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። መሬት ላይ የተቀመጠችው እናቴ ቀና አለች። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ እናቴን ይቅርታ እንድጠይቅ በዓይኑ አመለከተኝ፣ ሄጄ ጉልበቷን ሳምኩ። «ርቧቸው መስሎኝ ነው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ያኔ ነው ልቅሶ የመጣልኝ።

ከገና እስከ ከተራ ያሉትን ቀናት ማንም ሰው እንደ እኔ አልቆጠራቸውም። ሦስቱን በስም አልጠራኋቸውም፣ ስም ካወጣሁላቸው የሚሞቱ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሦስት፣ ለምሳ ስመለስ ሦስት፣ ማታ መብራት ሳይበራ ሦስት። እናቴ ከሩቅ ቆማ ትጠይቀኛለች እንጂ ብርጭቆው አጠገብ አትደርስም ነበር፤ ይህም ያሳዝነኝ ነበር፣ ግን ቅረቢ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። አባቴ የጥምቀቱን ልብስ እየሰፋ መሃል መሃል ቀና እያለ ያያቸዋል። የከተራ ዕለት ጠዋት ጠረጴዛውን አጽድቶ፣ ብርጭቆውን በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ፣ አጠገቡ ሁለት ወንበር ትይዩ አድርጎ አስቀመጠ። ገባኝ። ከልጁ ጋር ሲገናኝ ስለምን እንደሚያወራ አግኝቷል።

አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ሰው ታቦት ሊሸኝ ነጭ በነጭ ሆኖ ወጥቷል። እኔ ግን ቤት ተቀምጬ መጠበቅ ከየት አባቴ ይምጣ? አባቴ ወደ ጓሮ ሲዞር ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንስቼ፣ አፉን በመዳፌ ከድኜ ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ አልመጣም። ትንሽ ቆምኩ። መቆም አላውቅበትም፤ ትንሽ ወደፊት ልራመድ አልኩ፣ ከዚያ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ከዚያ ከከተማው ወጥቼ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ መሮጥ ጀመርኩ፣ አቧራው ከሩቅ እስኪታየኝ ድረስ ሮጥኩ። አልወደቅሁም። ቢወድቅብኝ፣ ቢሰበርብኝ ኖሮ ቢያንስ እንቅፋቱን እረግመው ነበር። ሮጥኩ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ሹፌሩ አውቆኝ አቆመ። ክፍሌ ወረደ፣ ከስቷል፣ ጺሙን ለቆታል። ሰላም እንኳ ሳልለው ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። አየ። አዟዟረው፣ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ እንደገና አየ። «የት አሉ?» አለኝ። ነጠቅኩት። ውሃው ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ቀሚሴ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ርሷል። ሦስቱም የሉም። ውሃው በጣቶቼ መሃል እየፈሰሰ፣ እኔ እየሮጥኩ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደጣልኳቸው እንኳ ሳላውቅ በመንገዱ አቧራ ላይ አፍስሻቸው መጥቻለሁ። አመዴ ቡን አለ። ክፍሌ ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው ይዞ፣ እያለቀስኩ የመስቀሉን፣ የገናውን፣ የቅቤውን ነገር ሁሉ እየዘከዘክሁለት ወደ ቤት ሄድን። አውቶቡሱን ለምን እንደለቀቀው በኋላ ስጠይቀው፣ ለመግባት ፈርቶ እንደነበርና መንገዱ እንዲረዝምለት እንደፈለገ ነገረኝ።

አባቴ በር ላይ ቆሟል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ክፍሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመ። አባቴ እንኳን ደህና ገባህ አለው፣ በደረቁ። ከዚያ ዓይኑ እጄ ላይ ወዳለው ብርጭቆ ሄደ። ክፍሌ በእኔ ፈንታ «አልቀዋል፣ አባባ» አለ። ገቡ፤ በሁለቱ ወንበሮች ላይ ትይዩ ተቀመጡ፤ በመሃላቸው ግማሽ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ነበር። ሁለቱም እሱን ያያሉ። የሚወራበት ነገር ግን የለም። እኔ በር ላይ አንዴ በአንድ እግሬ አንዴ በሌላው እቆማለሁ፣ ውጭ ዝማሬው ይሰማል። አሁን አንዱ ተነስቶ ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ አይመለስም እያልኩ ስሞት ስነሳ፣ አባቴ ብርጭቆውን በእጁ ገለል አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ተንበርከክ» አለው።

መስቀል አይደለም፣ ማዕድ አልቀረበም፣ ሽማግሌ የለም። ክፍሌ ወለሉ ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ተንበረከከ። አባቴ ሁለት እጁን ጫነበት። «የወጣህበት ይቅናህ። የያዝከው ይባረክልህ።» እጁን ሳያነሳም «የምትመርጣትንም ይባርክልህ» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና አሜን ስትል ግድግዳው የሰማት ይመስለኛል። እኔ ራሴን በእጄ ዳበስኩ፤ አራት ወር ሙሉ የከበደኝ ነገር ወርዶልኝ ነበር።

አባቴ ከጥምቀት በኋላ ሥራውን ዘግቶ ራሱ ቆሼ ድረስ ወርዶ፣ ቃል የሰጣቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቆ መጣ። ምን እንዳሉት አልነገረንም። ክፍሌ የመረጣትን አገባ፤ ዘመኑ ተገለበጠ፣ አባቴም እናቴም በየተራቸው አረፉ። ክፍሌ ዛሬ ጉልበቱን እያመመው፣ በልጅ ልጆቹ ተደግፎ፣ አሁንም ለመስቀል ይመጣል።

የእኔ ልጅ ግን አይመጣም። ምክንያቱ እዚህ የሚነገር አይደለም፤ እሱ ያለውን አለ፣ እኔም ለእናት አፍ የማይገባ ነገር ተናገርኩ። ያኔ ለአንድ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት አውቶቡስ ስጠብቅ የነበርኩት ሴት፣ ዛሬ ስልኬ ከእጄ አይለይም፣ የልጄ ቁጥርም ከመጀመሪያዎቹ መሃል ነው፤ ቤቱን ስዞር፣ ስነሳ ስቀመጥ እውላለሁ፣ እሱ ላይ ስደርስ ብቻ እጄ አይንቀሳቀስልኝም። ያ ሁለት ቃል የማይናገረው አባቴ ልጁን ለመታረቅ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ነው የፈጀበት። እኔ እንዝርቷ ሦስተኛ መስቀሌ እየመጣ ነው።